የሚመረመረው ደሙ ነው ወይስ ልጁ?



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቡና ላይ የተነሳ ጨዋታ ነው። ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት እህታችን አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማዳሜ ልጅ ለማግኘት ትታከማለች። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን መርፌ በየማታው የማቀብላት እኔ ነኝ። አሁን ሐኪሞቹ ልጆቿን መርምረው ሦስቱ በሽታ አለባቸው አሏት፤ ሊጥሏቸው ነው። የእነሱ ኃጢአት እኔም ላይ ይደርሳል ወይ?»

ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ ከወዲያ ያለችው «እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔርን መሆን አማራቸው!» አለች። ከወዲህ ያለችው ደግሞ «እኔስ ገንዘቡ ቢኖረኝ ሀገሬ ገብቼ አስደርግ ነበር፤ ጤነኛ ልጅ የማይፈልግ ማን አለ?» ብላ መለሰችላት። ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ፤ ቡናውም ቀዘቀዘ። እኔ ግን ያን ቀን አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ ሳይሆን፣ ይህንኑ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስላየሁት በአንድ ቃል መመለስ ስላልቻልኩ ነው። እነሆ ዛሬ እመልሳለሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ከመፍረድ በፊት ማወቅ ይቀድማል። በየቤቱ «አትፋል አናቢብ» ሲሉ የምትሰሙት፣ በእኛ ቋንቋ የቱቦ ልጅ የምንለው ሕክምና አዲስ አይደለም። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር ነው። ለዚህ ሥራቸው ፕሮፌሰር ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአረቡ ዓለምም በግብፅ አል-አዝሃር እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ሕክምናው በባልና ሚስት መካከል፣ በራሳቸው ዘር ብቻ ከሆነ እንደሚፈቀድ ካሳወቀ በኋላ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በዮርዳኖስ ክሊኒኮች ተከፍተዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሴቲቱ ብዙ እንቁላል እንድታፈራ ለአሥር ቀን ያህል በየዕለቱ መርፌ ትወጋለች። ፍሪጅ ውስጥ ከአትክልቱ አጠገብ የምታዩት እሱ ነው። ከዚያ እንቁላሎቿ ይወሰዱና ከባሏ ዘር ጋር በላብራቶሪ ይዋሐዳሉ። የተዋሐደው ሽል ይባላል። አምስት ቀን ሲሞላው ከመቶ በላይ ሕዋሳት ይኖሩታል፤ ሆኖም ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ለምርመራው ከሽሉ ዳር ጥቂት ሕዋሳት ይወሰዳሉ። ሊጡ ቦካ አልቦካ ብለን ከዳር ቆንጠር አድርገን እንደምናየው ማለት ነው። የሚቆነጠረውም ወደፊት የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው ክፍል እንጂ ሕፃኑ ከሚሆነው አይደለም። ውጤቱ እስኪመጣ ሽሉ በብዙ ብርድ ተቀዝቅዞ ይቆያል። በሽታ የሌለበት ሆኖ ከተገኘ ወደ እናትየዋ ማሕፀን ይገባል። የቀሩት እንደየሀገሩ ሕግና እንደ ወላጆቹ ፈቃድ ወይ ይቀመጣሉ፣ ወይ ለምርምር ይሰጣሉ፣ ወይ ይጣላሉ።

ሽልን እንዲህ መርምሮ ማስገባት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ነበር። ያን ጊዜ የታሰበው ወንዶችን ብቻ የሚይዙ ከባድ በሽታዎች በዘራቸው ላሉባቸው ቤተሰቦች ነው። ዛሬ ግን አንድ ስም ይዞ ሦስት የተለያየ ነገር ይሠራበታል። የእኛም ጭቅጭቅ የመጣው ሦስቱን አንድ ላይ ስለቀላቀልናቸው ይመስለኛል።

እኔ ያየሁት ቤት

እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ቤይሩት ስገባ የተቀበለችኝ ቤት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ታላሴሚያ የሚባል የደም በሽታ እንዳለባት ገና ማወቃቸው ነበር። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ሰውነቱ በቂ ጤነኛ ደም አይሠራም። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ሆስፒታል ሄዶ የሰው ደም ካልተሰጠው አይቆምም። የሚሰጠው ደም ደግሞ ብረት ይዞ ይመጣል፤ ብረቱም በልብና በጉበት ላይ ይከማቻል። እሱን ለማስወጣት በየማታው ከቆዳዋ ሥር ቀጭን መርፌ ተሰክቶ፣ ትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ መድኃኒት ሲያንጠባጥብላት ያድራል። ዛሬ ለብዙዎች በክኒን ተተክቷል፤ ለእሷ ግን ክኒኑ አልተስማማትም ነበር።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን መርፌ ስንት ሌሊት እንደሰካሁ አልቆጠርኩትም። ነርሷ አስተማረችኝ፤ እናቷ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ቀረሁበት። ሆዷ ላይ፣ ጭኗ ላይ፣ ያላበጠ ቦታ እየፈለግሁ እሰካላት ነበር። ስታለቅስ የሀገሬን እሹሩሩ እላት ነበር፤ ኋላ እሷም በአማርኛ ትልልኝ ጀመር።

በሽታው የሚመጣው እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ እየወሰድን የዘር ትእዛዙን በጥንድ እንይዛለን። ከጥንዱ አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ እሱ ራሱ አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሸ የመውሰድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በዚህ አካባቢ የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት ስለተለመደ እንዲህ ያለው በሽታ ይበዛል። ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ተጋቡ ያሉን የእኛ አያቶች ላብራቶሪ ባይኖራቸውም አንድ ነገር ሳያውቁ አልቀሩም። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከጋብቻ በፊት የሕክምና ወረቀት በሕግ ትጠይቃለች። ሳዑዲ ዓረቢያም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተጋቢዎች የታላሴሚያና የሲክል ሴል ምርመራ እንዲያደርጉ ታስገድዳለች። የእኔ አሠሪዎች ውጤቱን እያወቁ ነው የተጋቡት። ተዋደው ነበር፤ ከአራት ሦስቱ ለእኛ ይሆናል አሉ። የመጀመሪያዋ ልጅ አራተኛዋ ሆነች።

ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ማዳም ሁለተኛ ልጅ ፈለገች። ያንኑ መከራ ለሌላ ልጅ መድገም ግን ፈራች። ስለዚህ ሽሎቹ እንዲመረመሩ ወሰኑ። ፍሪጁ በመርፌ ተሞላ። የሆስፒታሉ ስልክ በተጠራ ቁጥር ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ ለእናቷ በስልክ ስትነግራት ሰማሁ፦ «ሁለቱ እንደ ልጄ ናቸው፤ እነሱን አናስገባም» አለች።

እኔ ብቻ አልነበርኩም የሰማሁት። ያን ቀን ማታ መርፌውን ስሰካላት ትንሿ ልጅ ጣሪያውን እያየች፣ «እኔንም ያኔ ቢመረምሩኝ ኖሮ ይጥሉኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

እህቶቼ፣ እውነቱ «አዎ» ነበር። እውነቱን እያወቅሁ ምን ልበላት? እጄ መርፌው ላይ እንዳለ ቆየሁ። ኋላ፣ «ሐኪሞቹ የሚያዩት ደሙን ነው። አንቺን አላዩሽም። አንቺን ያየሁሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ ናት» አልኳት። ይብቃት አይብቃት አላውቅም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ ለማዳም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ልጇ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ እስከ ምሳ ድረስ አልወጡም። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። በዓመቱ ከበሽታው ነጻ የሆነ ወንድ ልጅ ተወለደ። እሱንም ያዘልኩት እኔ ነኝ። እህቱ እንዴት እንደምትወደው ባያችሁ!

ሦስቱን እንለያቸው

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው፤ በቤተሰቡ የታወቀ ከባድ በሽታ ሲኖር እሱን ብቻ ለይቶ መፈለግ። በዚህ ላይ የሃይማኖት አባቶች አንድ ቃል የላቸውም። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ2008 ዓ.ም. ባወጣቻቸው ሰነዶች ሽል ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሰው መከበር አለበት ብላ ምርመራውን ትቃወማለች። ክብደት ያለው ቃል ነው፤ አቅልዬ አላየውም። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጆችም አባቶቻችሁን ጠይቁ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ያንን መርፌ የሰካች እጅ ያቺን እናት ገዳይ ብላ ለመፍረድ አትነሣም። ሐና በቤተ መቅደስ ልጅ ስትለምን ካህኑ ሰክራለች ብሎ ነበር። የሴት ልመና ከውጭ ሲያዩት ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይመስላል።

ሁለተኛው የክሮሞዞም ቁጥር መቁጠር ነው። ሰው አርባ ስድስት ክሮሞዞም አለው፤ ሲበዛ ወይም ሲጎድል ብዙ ጊዜ ፅንሱ አይይዝም ወይም ያስወርዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ ሁኔታ ይኖራል። አንዳንድ ክሊኒኮች ይህን «የመውለድ ዕድልሽን ያበዛል» እያሉ ለሁሉም ይሸጡታል። ነገር ግን በቻይና በ1,212 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ስምንት በታች ለሆነና ጥሩ ሽሎች ላሏቸው ሴቶች ምርመራው እንዳልጠቀመ አሳይቷል። ከተመረመረላቸው 77.2 በመቶው ሲወልዱ፣ ካልተመረመረላቸው 81.8 በመቶው ወልደዋል። ደግሞም ከዳር የተቆነጠረው ሁልጊዜ መሐሉን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በጣሊያን ሐኪሞች የወጣ ዘገባ፣ ምርመራው ጤነኛና ጤነኛ ያልሆነ ሕዋስ ተቀላቅሎባቸዋል ያላቸውን ሽሎች ለ18 ሴቶች አስገብተው ስድስቱ ጤነኛ ልጅ እንደወለዱ ገልጿል። ስለዚህ ምርመራው መሣሪያ ነው እንጂ ነቢይ አይደለም።

ሦስተኛው ወንድ ወይም ሴት ብሎ መምረጥ ነው። በዚህ አልስማማም፤ በግልጽ እናገራለሁ። ሴት መሆን በሽታ አይደለም። ህንድ ፆታ መርጦ መውለድን በሕግ ከልክላለች፤ እንግሊዝም ከበሽታ ምክንያት በቀር አትፈቅድም። በዚህ አካባቢ ግን ሦስት ሴት ልጆች ወልዳ «ወንድ አምጪ» የተባለች ማዳም በዚሁ መንገድ ስትመላለስ ያያችሁ አላችሁ። ለእሷም ቢሆን እዘንላት እንጂ አልፈርድባትም፤ ያስጨነቋት ሌሎች ናቸው። ነገር ግን ሴት የሆኑትን ሽሎች እያስጣለ ወንድ ሲመርጥ፣ እዚያው ቤት እራት ለሚበሉት ሴቶች ልጆች የሚነግራቸው ነገር አለ። እነሱም እንደ እኔዋ ልጅ ይሰማሉ።

እኛስ?

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። «እግዚአብሔርን መሆን አማራቸው» ያልሽው እህቴ፣ በሰፈራችን አካል ጉዳተኛ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባበት ቤት የለም? «የእናቷ እርግማን ነው»፣ «ምን ሠርታ ነው» ሲባል አልሰማሽም? ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ ጌታ ማንም አለመሆኑን እንደመለሰላቸው እያነበብን፣ እኛ ዛሬም እንጠይቃለን። እነሱ በላብራቶሪ ይመርጣሉ፤ እኛ ከተወለደ በኋላ በዓይናችን እንመርጣለን። የትኛው እንደሚከፋ ልንገራችሁ ብል አልችልም።

በዚህ ሀገር ያለን ብዙዎቻችን ደግሞ ማንም የማያየውን እናያለን። የታመመውን፣ መናገር ያቃተውን፣ ዳውን ያለበትን ልጅ የምናጥብ፣ የምናጎርስ፣ ሌሊት የምንነሣለት እኛ ነን። ሐኪሙ ወረቀቱን ያያል፤ እኛ ሳቁን እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የምንናገረው አለን ብዬ አምናለሁ። ምርመራ ስለ አንድ በሽታ ሊናገር ይችላል፤ ስለ አንድ ልጅ ዋጋ ግን እንዲናገር ሊፈቀድለት አይገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ወላጆች ገና ያልመጣውን ልጅ ከበሽታ ለማዳን ሲሄዱ ቤት ያለውን ልጅ አስቀድመው እቅፍ አድርገው ያናግሩት። እነሱ ካልነገሩት ከስልክ ይሰማዋል።

ለጠየቅሽኝ እህት

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። መርፌ ከፍሪጅ አውጥቶ ማቀበል ኃጢአት አይደለም፤ ውሳኔው ያንቺ አይደለም፣ አንቺም አልተጠየቅሽም። ልብሽ ካልተረጋጋ ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ብቻሽን ተሸክመሽው አትደሪ። ሆኖም እነዚህን ነገሮች ልብ በይ።

መድኃኒቱን ከተነገረሽ ቦታ አታንቀሳቅሺ፤ ፍሪጅ ስታጸጂም ወደ በረዶው ክፍል አታስገቢው። ውጊኝ ብትልሽና ካላወቅሽበት፣ አላውቅበትም በይ፤ ነርስ ታሳይሽ። የቤቱን ምሥጢር ለጎረቤት ሠራተኛ አታውሪ፤ ብዙ ሴቶች ይህን ሕክምና ከአማቶቻቸው እንኳ ይደብቁታል። ሕክምናው ሳይሳካ ቀርቶ «ዓይንሽ ነው፣ እግርሽ ነው» ብላ ብትወነጅልሽ፣ እውነት መስሎሽ አንገትሽን አትድፊ። ይህ ሕክምና በዓለም ሁሉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው አይሳካም። ነገሩ ወደ ዱላ ወይም ደመወዝ ወደ መከልከል ከሄደ ግን ለእኛ ንገሪን።

«ሀገሬ ገብቼ አስደርጋለሁ» ላልሽውም እህቴ አንድ ቃል አለኝ። ዕድሜያችንን እዚህ ጨርሰን በሠላሳ ስምንት፣ በአርባ ዓመት የምንገባ ብዙ ነን፤ ልጅ መፈለግሽ አያሳፍርም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ነገር ግን የዓመታት ላብሽን ከመክፈልሽ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቂ። በቤተሰባችን ይህን ምርመራ የሚጠይቅ የታወቀ በሽታ አለ ወይ? በእኔ ዕድሜ ምርመራው የመውለድ ዕድሌን በእርግጥ ይጨምራል ወይ? ውጤቱ ቢሳሳትስ በእርግዝና ጊዜ እንደገና የሚረጋገጠው በምንድን ነው? ምርመራ ካሉት ሽሎች ይመርጣል እንጂ ያረጀን እንቁላል ወጣት አያደርግም። ባልሽም ይመርመር፤ ልጅ ሲጠፋ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሴት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብሽ።

ያቺ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። ሕክምናውም ባለበት አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዝ የሕመምተኛውን የራሱን ሕዋስ አስተካክሎ የሚመልስ የታላሴሚያ ሕክምና ፈቅዳለች። ዋጋው ገና ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ ቢሆንም፣ በሽታው ዕጣ ሆኖ የማይቀርበት ቀን እየቀረበ ነው። እሷም ባለፈው በዓል ስትደውልልኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «እሹሩሩ» አለችኝና ሳቀች። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ያን ሌሊት የሰጠኋት መልስ ለእሷ በቂ እንደነበር ወይም እንዳልነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለመደወል ግን አልተወችኝም።

ቸር ሰንብቱ፤ በየቤቱ ያሉትን ልጆችም አደራ።